ኦቦ ፒዬቬ የሚባል ሰው የለም

ጥር 20 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ስወጣ ዘበኛው አንዲት እናት ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቁኝ እንደሆነ ነገረኝ። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀለሟ ይባላሉ፤ ከቢላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጡት። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ» ብለው በሁለቱም ቋንቋ ሰላም ካሉኝ በኋላ ከብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

ሳልዘረጋው አወቅኩት። ከታች ያለው የእኔ ፊርማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለው የፈየራ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት እሠራለሁ። ነቀምት ውስጥ ጣሊያንኛ የሚያነብ ሲጠፋ ወደ እኔ ይልካሉ፤ ከየት እንደተማርኩት ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ እዚህ አልጽፈውም። ኅዳር ላይ አንድ አሮጌ ደብዳቤ መጣ። ፓድሬ ሴራፊኖ የሚባሉ ሚስዮናዊ በፈረንጆች 1928 ቢላ ሆነው የጻፉት ነው። ዋናው ጉዳይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። እኔ «ምንጩ የፒዬቬ ነው። ጉደታ ይጠብቀዋል» ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩት። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ፈየራ ደግሞ ከእኔ አማርኛ ገለበጠው። በእሱ ወረቀት ላይ «ምንጩ የኦቦ ፒዬቬ ነው» ይላል። ኦቦ ማለት አቶ ማለት ነው።

አሁን አቶ በርናባስ የሚባሉ ነጋዴ፣ የዚያ የጉደታ የልጅ ልጅ፣ ይህንን ወረቀት ይዘው ምንጩን አጥረውታል። ፒዬቬ ወራሽ ሳይተው አገሩ የገባ ጣሊያን ነው፤ ጠባቂው አያቴ ነበር፤ ስለዚህ የቤተሰቤ ነባር ይዞታ ነው ይላሉ። ውሃውን በፕላስቲክ አሽገው ሊሸጡት ነው። ሁለት መቶ አባወራ ወንዝ ወርዶ ከከብት ጋር ይቀዳል። ክርክሩ መጋቢት 2 ይሰማል።

ሃርሜ ቀለሟ እጄን ያዙኝ። እናትን ያለ ሃርሜ መጥራት እዚህ ነውር ነውና እኔም እንዲያ አልኳቸው።

«ይሄ ፒዬቬ የሚሉት ማነው? ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴም እናቷም እዚያው ናቸው። ጉደታን እናውቃለን። ፒዬቬን ያየም የሰማም የለም።»

አጣራለሁ አልኳቸው። የተረጎምኩት እኔ ነኝ አላልኩም። ማን ወደ እኔ እንደላካቸው ስጠይቅ፣ አንዲት ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ግራጫ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት «ንጋትን ፈልጊ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታነባለች» እንዳሏቸው ነገሩኝ። የገበያ ሴት ትሆናለች። ነቀምት ውስጥ ግራጫ ሻሽ የሚያስር ስንት ሰው አለ።

ጥር 21

ፈተና እርማት። ሃምሳ ሦስት ወረቀት። ፒዬቬ፣ ፒዬቬ።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ልማድ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። የሲስተሮቹ ደወል አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል። እኛ እስከምንኖርበት ሰፈር፣ ቡርቃ ጃቶ ድረስ መሰማቱ ይገርመኛል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ቢላ ደርሼ መጣሁ። አባዬ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ከጊዳ አያና ተፈናቅለን ከወጣን ወዲህ መንገድ የሚባል ነገር አያምንም። ሰላም ነበር።

አጥሩ አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ያብለጨልጫል። ሃርሜ ቀለሟ በአንድ ቀዳዳ አጮልቄ እንዳይ አደረጉኝ። ምንጩን ሰው ሁሉ ቡርቃ ቢዬ ይለዋል። ቡርቃ ምንጭ ነው፤ ቢዬ አፈር ነው። የአፈር ምንጭ። ውሃው ግን ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው። እንዲህ የጠራ ውሃ እንዴት የአፈር ምንጭ ተባለ አልኳቸው። ሃርሜ ቀለሟ ሳቁ። እነሱም ይህንኑ እየጠየቁ ነው ያደጉት። አያታቸው ስሙ ከፈረንጁ ነው የመጣው ይሉ ነበር አሉኝ፤ ፈረንጅ ስለ አፈር ምን አገባው።

ወንዙ ከታች ሩቅ ነው። አንዲት ቀኗ የደረሰ እርጉዝ ቢጫ ጄሪካን አዝላ አቀበቱን ስትወጣ አገኘኋት። ልርዳሽ ስላት ነገስ ማን ይረዳኛል ብላኝ አለፈች። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ነቀምት ድረስ ይቺው ናት በጆሮዬ የነበረችው።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

የመምህራን ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። አንዱ ስለ ደብዳቤው እያወራ «ቆቧን ከጣለች ሰው ምን ቃል ይጠበቃል» ሲል ሰማሁ።

ቆብ ድረስ መች ደረስኩና። ሲስተሮቹ ቤት ጀማሪ ነበርኩ፤ ጀማሪ የሚያስረው ነጭ ሻሽ ነው። ገብቼ ይህንን ላርመው አስቤ ነበር። ጠመኔዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ፈየራን ያንን ኦቦ ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቀላ።

«ስም መስሎኝ ነዋ። ትልቅ ሰውን በባዶ ስሙ መጥራት ነውር አይደለም? ጣሊያንም ቢሆን እንግዳ ነው።»

በጨዋነት አንድ ሰው ፈጠረ። ሰውየው ተወለደ፣ ባለ ምንጭ ሆነ፣ ወራሽ ሳይተው አገሩ ገባ። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ልቆጣው አልቻልኩም። ቃሉን ሳይተረጎም የተውኩት እኔ ነኝ። አላውቀውም ነበር። ጣሊያንኛ በተማርኩበት ቤት ፒዬቬ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በትልቅ ፊደል መጀመሩን አየሁና ስም ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የሚጠየቅ ሰው የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ስምንት ዓመት ያላንኳኳሁትን በር ለአንድ ቃል ብዬ ላንኳኳ? እንዲህ ብዬ ነው የፈረምኩት። እነዚያ ሁለት መቶ አባወራ የወንዝ ውሃ የሚጠጡት በእኔ እፍረት ነው።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የምጽፈው። ያገኘሁትን ነገር ለማንም ሳልነግር መቆየት አልቻልኩም፤ አባዬ ደግሞ ተኝቷል።

ፒዬቬ ሰው አይደለም! በውሰት ያገኘሁት ትልቅ የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። በጣሊያን ገጠር ውስጥ ጥምቀት የሚፈጸምባት ቤተ ክርስቲያን፤ አጥቢያ። የፓድሬ ሴራፊኖ አገር ሰዎች እንዲህ ነው የሚሉት፤ የከተማ ጣሊያኖች ብዙም አይሉትም፤ ለዚህ ነው ያልሰማሁት። ሥሩ ላቲን ነው፦ ፕሌብስ። ሕዝብ፣ ተራው ሰው ማለት ነው። ላቲን ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ ሲሄድ ጣሊያንኛ ሆነ፤ ፕሌኑስ ያለው ፒዬኖ አለ፣ ሙሉ ማለት ነው። ፕላንታ ያለው ፒያንታ አለ፣ ተክል ነው። ፕሌብስም፣ ሲረባ ፕሌቤ የሚባለው፣ ፒዬቬ ሆነ። መጀመሪያ ሰዎቹ ነበሩ ፕሌብስ፤ ቀስ በቀስ ሰዎቹ የሚሰበሰቡበት ቤት ስማቸውን ወሰደ።

ኦቦ ፒዬቬ ሆይ፣ ነፍስህን ይማር። በአንድ መዝገበ ቃላት ገደልኩህ።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ፈየራ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብኝ። አጥቢያ ከሆነ ምንጩ የካቶሊኮች ነው ማለት ነው አለኝ። የቢላው ጸሎት ቤት ከፈረሰ ስልሳ ዓመት ሆኖታል፤ የመንደሩ ሰው ፕሮቴስታንት ነው። የበርናባስ ጠበቃ አጥቢያው ሞተ፣ ጠባቂው ግን ቀረ ቢል ምን ትመልሺያለሽ አለኝ። ሥሩ እኮ ሕዝብ ነው አልኩት። ሥሩን ማን ይበላል አለኝ።

እውነቱን ነው። ለተማሪዎቼ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። ደብር በሥሩ ተራራ ነው፤ ደብር ስሜ መጣሁ ያለ ሰው ግን ተራራ ወጣሁ ማለቱ አይደለም። ስለፈለግኩት ብቻ ፒዬቬ ሕዝብ ነው ብዬ ብፈርም ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያውስ ባለማወቅ ነበር። ፓድሬው ራሳቸው ምን ማለታቸው እንደነበር የሚያሳይ ነገር ያስፈልገኛል። የሚስዮኑ አሮጌ መዛግብት የት እንዳሉ አውቃለሁ። አቧራቸውን ሁለት ዓመት የጠረግኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አቶ በርናባስ ፈየራ ቤት መጡ። እኔ ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር። ትሑት ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው የተቀመጡት።

አያታቸው ጉደታ ለፓድሬው በቅሎ ይስብ ነበር። ፓድሬው ሲሄዱ ደብዳቤውን ለእሱ ሰጡ፤ እሱም በቀርከሃ ውስጥ ከቶ ጣራ ሥር አኖረው። ማንም አላነበበውም። በቤታቸው ልጅ በተወለደ ቁጥር ወረቀቱ እየወጣ ይታይ ነበር። «እኛ ከዚህ ወረቀት በቀር ታላቅነት የለንም» አሉኝ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፊርማዬ እንድጸና። ስህተት ሠራሁ ያለ ተርጓሚ ሁለተኛ ማን ሥራ ይሰጠዋል አሉ፤ ማስፈራራት አልነበረም፤ ያዘኑልኝ ይመስሉ ነበር። እውነትም የትርጉም ፈቃዴን የሰጠኝ ቢሮ ሊነጥቀኝ ይችላል።

እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

የካቲት 9፣ እሑድ

አባዬ ስለ ምንጩ ጠየቀኝና ነገርኩት። ከወሎ በልጅነቱ ሰፍሮ፣ አያና ላይ አርሶ፣ አሁን በኪራይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። ሰምቶ ሰምቶ «እኛም ምንጭ ነበረን እኮ» አለ። ከዚያ ስለ ሽሮ አወራ። ከወጣን ጀምሮ ስለ አያና ሲናገር የሰማሁት ይህቺን ብቻ ነው።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

የሲስተሮቹ በር ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ። ዳቦ ልገዛ ነበር የወጣሁት፤ ዳቦ ቤቱ በዚያ በኩል አይደለም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ገባሁ።

የግቢው በር ድሮ ሁልጊዜ ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ሲስተር መታሰቢያ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ላቲን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሄድኩ ዕለትም በመስኮት ሆነው ሲያዩኝ ያልወጡት እሳቸው ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ይዞታል። ወፍራም መነጽር፣ ግራጫ ሻሽ። በእርምጃዬ ነው ያወቁኝ።

«ዛሬም ተረከዝሽን ትጎትቻለሽ» አሉኝ።

ስምንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። አልቅሼ እንደሆነ አላስታውስም፤ መሐረባቸው ግን በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ደብዳቤው ልጀምር ስል በእጃቸው ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ። የቢላ መዝገብ አቧራው ተጠርጎ ተቀምጧል። አንዲት የቢላ እናት ጥር ላይ እዚህ መጥተው ነበር። ሲስተር የሚያነቡበት ዓይን የላቸውም፤ የሚያነብ ሰው ግን እንደሚያውቁ ነገሯቸው። «ጠርቼሽ ብትመጪ ለእኔ ብለሽ ነው የምትመጪው። በራስሽ እግር እንድትመጪ ፈለግኩ» አሉኝ። እንግዲህ የገበያ ሴት አልነበረችም።

1928ን አገኘሁ። ፓድሬ ሴራፊኖ ደብዳቤውን በጻፉበት በዚያው ቀን፣ በዚያው ቀለም፣ ነገሩን በመዝገቡ ላይ በላቲን አስፍረውታል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ መሃሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ፕሮ ኡኒቬርሳ ፕሌቤ ሁዩስ ሎቺ፣ ሲቬ ባፕቲዛታ ሲቬ ኖን ባፕቲዛታ።»

ሲስተር አንዷን አናባቢ አስረዘሙኝ። ከዚያ ተርጉሚ አሉኝ፤ ልክ እንደ ድሮው።

«ምንጩን በድንጋይ አሠራሁት፤ ለዚህ ስፍራ ሕዝብ ሁሉ፣ ለተጠመቀውም ላልተጠመቀውም። ከብት እንዳይገባበት ጉደታ ይጠብቀዋል። ታማኝ ሰው ነው።»

ከዚያ ሲስተር ሳቁ፤ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ትከሻቸው ነው የሚስቀው። ስወጣ በሩን እንዴት ላድርገው አልኳቸው። እንዳገኘሽው ተይው አሉኝ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ከነቃሁ ሁለት ሰዓት ሆነኝ። ደወሉ ደወለ። ዛሬ በመስኮቱ ሆኜ ሰማሁት።

አሁን ሁሉም ነገር ገጠመ። ፓድሬው በላቲን ፕሌብስ ያሉትን ነው በአገራቸው ቃል ፒዬቬ ያሉት። ሕዝቡን ነው። ሥር ብቻ አይደለም፤ ፍሬውም ያው ነው። ሌላም አለ። የቢላ ሽማግሌዎች ፖሊስን ቦሊስ፣ ፖስታን ቦስታ ነው የሚሉት። ፓድሬው ፒዬቬ ሲሉ የሰሙ ሰዎች ምን ይላሉ? ቢዬቤ። ከዚያ ቢዬ። ቡርቃ ቢዬ የአፈር ምንጭ አልነበረም! የሕዝብ ምንጭ ነው። ጭቃ የሌለበትን ውሃ መቶ ዓመት ያህል ጭቃ እያሉ የጠሩት በላቲን «የእኛ ነው» እያሉ ነበር።

ብቻዬን ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። አባዬ ከአልጋው ሆኖ አይጥ ገባ ወይ አለኝ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ሃርሜ ቀለሟ ጋ ደወልኩ። መዝገቡን ነገርኳቸው፤ እልል አሉ። ከዚያ ዋናውን፣ ያንን ወረቀት የተረጎምኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ፊርማሽን ጎረቤቴ አንብቦልኛል። ያሰረው ይፍታው ብዬ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።»

መጋቢት 1

ነገ ነው። አዲሱ ትርጉም ተጻፈ። ፈየራ በአፋን ኦሮሞ ሲገለብጠው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ኦቦ የለም። ሁለቴ ፈለግኩ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ከየት ልጀምር። ችሎቱ ሞልቶ በረንዳው ላይ ሰው ቆሟል። ከቢላ አንድ አይሱዙ ሙሉ ነው የመጣው። እርጉዟም መጥታለች፤ ወልዳለች፤ ሕፃኑን ይዛለች።

ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። ዳኛው የመጀመሪያው ትርጉም የማን ነው አሉ። የእኔ ነው አልኩ። ትክክል ነው ወይ አሉ። ስህተት ነው፣ ቃሉን አላውቀውም ነበር፣ መጠየቅ ስችል አፍሬ አልጠየቅኩም አልኩ። ከኋላዬ ጉርምርምታ ሰማሁ። እኔ ግን ቀለለኝ። ለካ ይህን ያህል ነበር የከበደኝ።

የአቶ በርናባስ ጠበቃ ጎበዝ ነው። ለአንድ የገጠር ምንጭ ላቲን ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ፤ የቃል ሥር ሌላ፣ የቃል ትርጉም ሌላ አለ። ልክ ነዎት አልኩት፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲያ ነው የምለው። እኔ ያመጣሁት ሥሩን ሳይሆን ጸሐፊውን ነው አልኩና ወደ ኋላ ዞርኩ። ሲስተር መታሰቢያ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መዝገቡን በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልለው በጉልበታቸው ይዘውታል፤ ለማንም አሳልፈው አይሰጡም፤ እየተመሩ ራሳቸው አቀረቡት።

ላቲኑን አነበብኩ። ትርጉሙን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተናገርኩ። ለተጠመቀውም ላልተጠመቀውም ስል አንዱ ሽማግሌ «እኔ ያኔ አልተጠመቅኩም ነበር» ብሎ ሰውን አሳቀ፤ ያኔ አልተወለደም ነበር።

ዳኛው አንድ ነገር አልገባቸውም። ፕሌቤ እንዴት ፒዬቬ ይሆናል፤ ባ የነበረው እንዴት ቫ ሆነ? ጠበቃው ፈገግ አለ። እኔ ከሳምንት በፊት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ትዝ አለኝ።

«ክቡር ዳኛ፣ ግእዝ ሰብእ ይላል፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሰው እንላለን። ባውን አለስልሰነው ዋ አደረግነው። ቃሉ ግን አልጠፋም፤ ሰውም ሰው ከመሆን አልወጣም። ጣሊያኖችም በራሳቸው ሕዝብ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሰብእ፣ ሰው፣ አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ጻፉት።

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ። ስንወጣ ሲስተር ክንዴን ያዙና እስከ ባጃጁ ድረስ ሄድን። ተረከዜን አልጎተትኩም።

መጋቢት 9

ምንም። እርማት። ፈቃዴን በተመለከተ ደብዳቤ መጣ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ራሷ ስላረመችው ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማስጠንቀቂያ አግኝቶ እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው ካለ ይምጣ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

አሸነፍን!

የወል ይዞታ ነው። አጥሩ ይነሳል። ዳኛው ውሳኔውን ሲያነቡ ፒዬቬ የምትለዋ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና «ሕዝብ ማለት ነው» ብለው ጨመሩ፤ ወረቀቱ ላይ ያለ ይሁን ከራሳቸው አላውቅም። የሃርሜ ቀለሟ እልልታ ችሎቱን ሰነጠቀው። ፖሊሱ ዝም በሉ ለማለት ተነሳና ራሱ ሳቀ። ፈየራ ለመላው ሰው ሻይ አዘዘ። የመምህራን ክፍሉ ሰውዬ እንኳ ዛሬ ቀድሞ እጅ ነሳኝ፤ እኔም ጀማሪ የሚያስረው ነጭ ሻሽ መሆኑን ነገርኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ለእኔ ገብቶኛል።

አቶ በርናባስን በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። የመዝገቡን የመጨረሻ መስመር ብቻ ለእሳቸው ገልብጬ ነበር፤ ሰጠኋቸው። ጉደታ ታማኝ ሰው ነው። ወረቀቷን እንደ አሮጌው ደብዳቤ አራት አድርገው አጥፈው ከልብሳቸው ውስጥ ከተቷት።

ለአባዬ ነገርኩት። ስትሄጂ ከዚያ ውሃ ትንሽ አምጪልኝ አለኝ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ቢላ። ቆርቆሮው ተነቅሎ ተደርድሯል። ሥራውን ለመጨረስ የቀረው ምልክቱ ብቻ ነበር። ሠዓሊው ቀለም ይዞ ምን ልጻፍ አለ። እኔ የሕዝብ ምንጭ እንዲባል ሐሳብ አቀረብኩ። ሃርሜ ቀለሟ እጃቸውን አወናጨፉ። እኛ መቼ ተሳስተን ጠራነውና አሉ። ቡርቃ ቢዬ ተብሎ ተጻፈ።

ሰው በጄሪካን ተሰለፈ። አንደኛ ሕፃኑን ያዘለችው እናት ናት፤ ማንም ቅደሚ ሳይላት ሁሉም አስቀደማት። ሰው እየዘፈነ፣ እየተጎነጨ፣ ፊቱን እየታጠበ እያለ ድንገት ጸጥ አለ። አቶ በርናባስ መጥተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፤ በእጃቸው አንድ ባዶ ጄሪካን ይዘዋል። ራቅ ብለው ቆሙ። ማንም ና አላላቸውም፤ ማንም ሂድ አላላቸውም።

ሃርሜ ቀለሟ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ሰው አይደለህም እንዴ? ተራህን ያዝ እንጂ።»

አቶ በርናባስ መጥተው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ዘፈኑ ቀጠለ።

እኔ ዳር ላይ ነበርኩ፤ ለአባዬ ያመጣሁትን ባዶ ሃይላንድ ይዤ። ሰው ሁሉ ቀድቶ ሲያበቃ ትንሽ እቀዳለሁ ብዬ ነበር። ሃርሜ ቀለሟ ዞረው አዩኝ።

«አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እኔ እኮ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም አልኳቸው። ለጨዋነት ብዬ ነበር። ሳቁብኝ።

«ሁሉ ብለሽ ያነበብሽልን አንቺ፤ አሁን ከሁሉ ልትወጪ ነው? ሂጂ፣ ተራሽን ያዢ።»

ከአቶ በርናባስ ኋላ ቆምኩ። አሥራ ዘጠነኛ ነበርኩ።